«ጭሱን ወደ ውስጥ አልስበውም እኮ ዶክተር!»



ሰሞኑን አንድ የነቀምቴ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ለጓደኛው ሰርግ ከዱባይ ሲጋር መጥቶ ኖሯል። «ዋጋው መካከለኛ ነው። ሲጀመር ቁንዶ በርበሬ፣ መሀል ላይ ቸኮሌት፣ መጨረሻ ላይ ቡና ቡና ይላል። ጭሱን ወደ ውስጥ አልስበውም፤ ማጣጣም ብቻ ነው። ሁለት ፍሬ ተርፎኛል፣ ይኼም ይጎዳል እንዴ?» አለኝ።

አዎ ወንድሜ፣ ይጎዳል።

ስለ ጣዕሙ አልከራከርህም። ጥሩ ሲጋር በእጅ የሚጠቀለለው ከሙሉ የትምባሆ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ስለሚብላላ ጭሱ ይለሰልሳል፣ መዓዛም ያወጣል። የከፈልከው ለዚህ ነው። ስለ ጉዳቱ ግን ዋጋው ምንም አይነግርህም። እንዲያውም ቅጠሉ ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ።

አሁን ወደ «አልስበውም» እንምጣ። የነቀምቴ ልጅ ቅምሻ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የለቀምት ቡናን የሚቀምስ ባለሙያ በማንኪያ ፉት ይልና፣ አጣጥሞ ይተፋዋል። ጭስ ግን እንደ ቡና አይተፋም! የሲጋር ጭስ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ አሲድነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ኒኮቲኑ ሳንባ ሳይደርስ በአፍህ ስስ ሽፋን በኩል ደምህ ውስጥ ይገባል። ምራቅህን ስትውጥ ደግሞ መርዙ በጉሮሮህ ይወርዳል።

መጠኑንም እናስብ። አንድ ሲጋራ ውስጥ ያለው ትምባሆ ከ1 ግራም አይበልጥም። አንድ ትልቅ ሲጋር ግን ከ5 እስከ 20 ግራም ሊይዝ ይችላል። አንዳንዱ የአንድ ሙሉ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ አለው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ጭሱን የማይስብ ሰው ለሳንባ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ከሲጋራ አጫሽ ያነሰ ነው። የአፍ፣ የማንቁርትና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን «አልስበውም» ያለውንም አይምሩም።

ሌላው ደግሞ፣ አንተ ባትስበው አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶችና ሕፃናት ይስቡታል። ለዚህም ነው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን የከለከለው።

አንድ ቀን ቀመስክ ብዬ ካንሰር ያዘህ አልልህም። የምፈራው የተረፉትን ሁለቱን ነው። ኒኮቲን ልምድ የሚያስይዘው እንዲህ «ለዛሬ ብቻ» እያለ ነው። ባይሆን ወርውራቸው፤ ማጣጣም ካማረህ ደግሞ ደጅህ ላይ የሚበቅለው ቡና አለልህ።

ቀድሞውንም የምታጨሱ ካላችሁ፦

👉 ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል
👉 አፍ ውስጥ የወጣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት
👉 ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን
👉 ምግብ ሲዋጥ መተናነቅ

ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

«ጭሱን አልስበውም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት።