የዲፕሎማሲ ሙዚየም ሲሠራ ጋምቤላን እንዳትረሱብኝ

በጥር 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ የዲፕሎማሲ ሳምንት ኤግዚቢሽን ታይቶ ነበር። ኤግዚቢሽን ግን ታይቶ ያልፋል። እኔ ቋሚ የሆነ ብሔራዊ የዲፕሎማሲ ሙዚየም ያስፈልገናል ባይ ነኝ፤ አንዱ ክፍሉ ደግሞ ጋምቤላ መሆን አለበት።

ዶርም ውስጥ ይህን ሳነሣ ልጆቹ ሳቁብኝ። «ውጫሌ ብትል ይገባናል፤ ጋምቤላ ምን አላት?» አሉኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የሱዳንን የድንበር ውል ተፈራረሙ። ይህ ውል በተነሣ ቁጥር ሁሉም የሚያወራው ዓባይን ስለሚመለከተው 3ኛው አንቀጽ ነው። 4ኛው የኛ ነው። በኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል።

እኔን የገረመኝ ግን አንዲት ሐረግ ናት። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው ትላለች። ጣሊያን መጥቶ ሄደ፣ እንግሊዝ ተመለሰ፤ እሷ ወረቀት ላይ ቁጭ ብላለች። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች፤ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ያለ አንዲት ጥይት!

ታዲያ ሙዚየሙ ድሉን ብቻ እንዲያወራ አልፈልግም። በዚያው ውል የተሰመረው ድንበር ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ሲሄድ አኙዋክንም ኑዌርንም ለሁለት ከፈለ። ማን ጠየቃቸው? ማንም። ዲፕሎማሲ የማያውቁ ሆነው ግን አይደለም። በኑዌር ባህል ሰው ሲገደል የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ በሁለቱ ወገን መካከል ገብቶ ካሣውን ያደራድራል። ይህ ዲፕሎማሲ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ቆዳው ከምኒልክ ማኅተም ጎን ይሰቀል።

ዋናው ሕንፃ አዲስ አበባ ይሁን፣ አልከራከርም። 4ኛው አንቀጽ ግን ባሮ በሚታይበት ክፍል ይቀመጥ። ደግሞ በ1949 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷል። ለእረፍት ወደ ጋምቤላ የምትሄዱ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ሙዚየሙ እስኪሠራ አትጠብቁ፤ መርከቦቹን በዓይናቸው ያዩትን አዛውንቶች ፈልጋችሁ ድምፃቸውን ቅዱልን።