የሦስት ዓመት ኮንትራት

ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ ሊሞዚን፣ ዲኮር፣ ድሮን። ከሰርጉ በኋላ ያለውን ኑሮ ግን ማንም ፖስት አያደርገውም።

እኔ ዛሬ የማስታውሰው የዶክተር ሬጂናልድና የዶክተር ካትሪን ሃምሊንን ትዳር ነው። በፈረንጆቹ 1950 ተጋቡ። በ1959 በሦስት ዓመት ኮንትራት አዲስ አበባ መጡ። በወሊድ ጉዳት ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ እናቶችን ሲያዩ ግን እዚሁ ቀሩ። በ1974 ለእነዚህ ሴቶች የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ።

ከ43 ዓመት ትዳር በኋላ፣ በ1993 ሬጂናልድ አረፉ። ካትሪን ሻንጣቸውን አልሸከፉም፤ በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ አብረው የጀመሩትን ሥራ አልተዉም።

እኛስ? ለአንድ ቀን ድግስ ተበድረን የትዳራችንን መጀመሪያ በዕዳ ከምንገፋው፣ አዳራሽ ከመምረጣችን በፊት «አብረን ምን እንሠራለን?» ብለን ብንጠያየቅ አይሻልም?