ቃሬዛው ሆስፒታል ደጃፍ ሲደርስ

በገጠር ታማሚን ለሕክምና ማድረስ የመንደር ሥራ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ያነሣል፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተኳቸዋል፤ ከመኪና መንገድ ሲደረስ ባጃጅ ወይም አምቡላንስ ይጠበቃል። ብዙዎቻችን የጉዞው ፈተና ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያበቃ ይመስለናል።

ባለፈው ክረምት በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል ያየሁት ግን ሌላ ነው። እግራቸው የማይታዘዝላቸው አንድ አርሶ አደር ከባጃጅ ወርደው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተመላላሽ ሕክምናው መግቢያ አምስት የሲሚንቶ ደረጃ ነበረው። ልጃቸውና ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ከነወንበራቸው አንሥተው አስገቧቸው። ካርድ አውጥተው ሐኪም ካዩ በኋላ ላቦራቶሪው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው ተባሉ። እንደገና ወረዱ፤ በጠጠር ላይ ተገፉ፤ እንደገና ተነሡ። ለምርመራ ሽንት እንዲሰጡ ሲጠየቁ የመጸዳጃ ቤቱ በር ለወንበሩ ጠበበው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእኚህ አባት ክብር ስል አልጽፈውም።

እኚህ አርሶ አደር የጤና መድን አባል ናቸው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰው ጤነኛ ሳለ ባዋጣው ገንዘብ ሲታመም ይታከማል። መዋጮው የሚሰበሰበው ከአባወራውና ከእማወራዋ በቤተሰብ ደረጃ ነው፤ ከቤቱ ውስጥ መራመድ የማይችል ሰው አለ ተብሎ ቅናሽ አይደረግም። ስለዚህ የሆስፒታል መግቢያ ጉዳይ የርኅራኄ ጉዳይ ተደርጎ መቅረቡ አይዋጥልኝም። የተከፈለበት አገልግሎት ነው፤ ከፋዩ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች፣ አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። መጸዳጃ ቤቶቹም እንዲሁ። በቀጣዩ ዓመት ሀገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ግንባታውን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው የሕንፃ ሹምም በአዋጁ ተሰይሟል። ጉድለቱ ያለው በወረቀቱና በሲሚንቶው መካከል ነው። በንድፉ ላይ የተሣለው ራምፕ ሕንፃው ሲመረቅ አይገኝም፤ ቢገኝም ለይስሙላ ነው።

ለይስሙላ ያልሁት በቁጥር ስለሚታይ ነው። በግብርና ኮሌጅ እርከን ስንቀይስ ተዳፋትን በገመድና በውኃ ልክ መለካት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቻችን አንዱ ነበርና ዓይኔ አሁንም መለካቱን አልተወም። ለተሽከርካሪ ወንበር በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። አምስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሆናል፤ ራምፑ 9 ሜትር መርዘም አለበት ማለት ነው። ለዚሁ ከፍታ ሦስት ሜትር ብቻ የተሠራለት ራምፕ ግን 25 በመቶ ተዳፋት ነው። ማሳ ቢሆን ኖሮ የልማት ሠራተኛው እርከን ሳይሠራለት እንዳይታረስ ይመክር ነበር። በዚያ ላይ ታማሚ ሽቅብ መግፋት ለሁለት ጎልማሶችም ይከብዳል፤ ቁልቁል መውረዱ ደግሞ ያስፈራል።

ችግሩ በደረጃ ብቻ አይወሰንም። የተራ ጥሪ በድምፅ ብቻ ሲሆን መስማት የተሳነው ሰው ተራው ያልፈዋል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ሕመሙን የሚያስረዳለት የአሥር ዓመት ልጁ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ብቻ የሚነገር ነገር እንዳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ትራኮማ ብዙዎችን ለዓይነ ስውርነት ባጋለጠበት ክልላችን በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አቅጣጫ አመልካች የማይጠቅመው ሰው ጥቂት አይደለም። ፊደል ያልቆጠረውም እንደዚያው። ወለል ላይ የተቀባ ባለ ቀለም መሥመር፣ የሥዕል ምልክት፣ በር ላይ ቆሞ የሚመራ አንድ ሠራተኛ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ምጥ የያዛት እናት፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን፣ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋው ሠራተኛም የዚሁ ተጠቃሚ ናቸው።

«መድኃኒት ሳይሟላ ስለ ራምፕ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ተብሎ የተመለሰ ቤተሰብ ይህን ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን መድኃኒት በየዓመቱ ይገዛል፤ ራምፕ አንድ ጊዜ ይሠራል። በግንባታ ወቅት ከሆነ ወጪው ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ከባዱ በኋላ አፍርሶ መሥራቱ ነው። ይህ ለክልላችን ዛሬ የሚመለከት ጉዳይ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ የጤና ተቋማት ሲጠገኑ እንደነበሩ ከተመለሱ፣ ደረጃዎቹም እንደነበሩ ይመለሳሉ።

ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን በቦርዳቸው ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ መጠቀም ይችላሉ። በቦርዱ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ ይቀመጣል፤ የዓመቱ ዕቅድ ሲቀርብ ለመግቢያና ለመጸዳጃ ቤት ስንት እንደተመደበ መጠየቅ ይችላል። ነዋሪውም ተወካዩ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ያነጋገርኋቸው ብዙዎች አያውቁም።

እኚያ አርሶ አደር ለክትትል ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቀጥረው ነበር። ልጃቸውን በሚቀጥለው ጊዜ ምን ታደርጋለህ ብየ ጠየቅሁት። ወንበሩን የሚያነሡ ሁለት ሰዎች ከመንደር ይዞ እንደሚመጣ፣ የእነሱንም የትራንስፖርት ወጪ ለመሸፈን አንድ በግ እንደሚሸጥ ነገረኝ።