የግጦሽ መሬት በሥሩ ይመዘን

የግጦሽ መሬት በሚመረመርበት ጊዜ መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከአፈር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሣሩ ረዝሞ ከታየ መልካም ነው ይባላል፤ አጥሮ ከታየም ተጎድቷል ተብሎ ይጻፋል። ይህ አሠራር ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የሚያየው ግማሹን ነው፤ ሣር ክረምትን ከበጋ የሚያሻግርበት ስንቁ ያለው ከታች ነውና።

ስለዚህ ነገር ለዶክተርነት ማዕርግ የሚደክሙ ተማሪዎች ሦስትና አራት ዓመት ሥር ሲቆፍሩ፥ ሲያጥቡና ሲለኩ ይኖራሉ። «በመንግሥት ገንዘብ ጭቃ ማጠብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ባለሥልጣንም በየአገሩ አይታጣም። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው።

ከ100 ዓመት በፊት በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ዊቨር በሜዳው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈረ የየሣሩን ሥር በሥዕል አስቀርቶ ነበር። አንዳንዱ ሣር ሥሩን ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ሲሰድ፥ ሌላው ከላይኛው አፈር የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዓይነት ተክል ያለበት ሜዳ የሚበረታው አንዱ ከላይ፥ ሌላው ከታች እየጠጣ ውኃውን ስለሚካፈሉ ነው የሚል አሳብ ተስፋፋ። አሳቡ ያማረ ነው፤ ለማስተማርም ይመቻል።

ሜዳው መበርታቱስ እርግጥ ነው። በጀርመን አገር በየና ከተማ አጠገብ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ከ1 እስከ 60 ዓይነት ተክል የተዘራባቸው ከ80 የማያንሱ መደቦች ተዘጋጅተው፥ በአማካይ ዓይነቱ የበዛበት መደብ ብዙ ድርቆሽ ሰጥቷል። በአሜሪካ በሚኒሶታም በ1988 ድርቅ በሆነ ጊዜ ዓይነቱ የበዛበት ሜዳ ከሌላው ይልቅ ጉዳቱን ችሏል። ምክንያቱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የታጠበ ሥር እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በዘር ቅንጣቱ እየለዩ ቢመረምሩት፥ በ2010 እንዳስታወቁት፥ በድብልቁ መደብ ሥሮቹ እንደ ታሰበው በጥልቀት አልተከፋፈሉም፤ ይልቁንም በላይኛው አፈር ተጨናንቀው በዝተው ተገኙ። በ2011 የወጡ ሌሎች ምርመራዎች ደግሞ ከአፈሩ የተክል በሽታ አምጪዎች ሲወገዱ አንድ ዓይነት ብቻ የተዘራበት መደብ እንደሚያገግም አሳዩ። እንግዲህ ብቻውን የተዘራ ሣር የራሱን በሽታ በሥሩ ዙሪያ ያከማቻል ማለት ነው።

ይህን ለገበሬ ማስረዳት አያስቸግርም። ባቄላውን በገብስ የሚያፈራርቅ ሰው በአንድ ማሳ ላይ አንዱን ዘር ደጋግሞ መዝራት መሬቱን እንደሚያሳምመው ከአባቱ ተምሯል። የሚያስቸግረው በየወረዳው አንድ ዓይነት የመኖ ዘር በጆንያ እያከፋፈለ ሥራውን በኩንታል ለሚቈጥረው መሥሪያ ቤት ማስረዳት ነው። ሰርዶውንና ሰንበሌጡን፥ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣውን የዱር መኖ አርሶ አጥፍቶ አንድ እንግዳ ሣር መትከል፥ በመጀመሪያው ዓመት ለፎቶግራፍ የሚያምር ቢሆንም፥ ከአፈር በታች ያለው ሒሳብ ገና አልተዘጋም።

የመንጋውም ብዛት ጉዳይ ከሥር ተለይቶ አይታይም። ፍራንክሊን ክራይደር የተባለው አሜሪካዊ በ1955 ባሳተመው ጥናት ከሣሩ ቅጠል ከግማሽ በላይ ሲወሰድ የሥሩ እድገት ለጊዜው እንደሚቆም አሳይቷል። በየቀኑ የሚጋጥ ሜዳ እንግዲህ ሥር የሚያበቅልበት ጊዜ ከየት ያገኛል? የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፥ ጊዜው ሲደርስም ከፍተው እያጨዱ ያቆዩት ይህን ሳያነቡ ነው። ሥርዓቱ ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፥ ኋላ በሌላ መልክ ተመልሷል።

ስለዚህ ሥር ለሚያጥበው ተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ የባከነ አይደለም። የሚባክነው ድርሳኑ በውጭ ቋንቋ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ሲቀር ነው፤ ሜዳው የተቆፈረበት ከብት አርቢ ምን እንደ ተገኘ ሳይሰማ ጉድጓዱን ደፍኖ ይቀራልና። ገንዘቡን የሚፈቅደው ክፍል ከድርሳኑ ጋር አንድ ሁለት ገጽ በአገሬው ቋንቋ እንዲቀርብለት ቢያዝ፥ የግጦሽ ሠራተኛውም በሪፖርቱ ላይ ከሣሩ ቁመት አጠገብ የሥሩን ጥልቀትና በሜዳው የቈጠረውን የተክል ዓይነት ቢጽፍ፥ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አካፋና የግማሽ ቀን ሥራ ነው።