ካር ሲቱ ቦሌ ላይ ለምን ይቀራል?

ክረምትና ገና ሲቃረብ ውጭ ሀገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል፦ «ዶክተር፣ የልጁን ካር ሲት ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያ ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት እንተወው?» መልሴ «ይዛችሁ ኑ» ነው። ግን ይዞ መምጣት ብቻውን ስለማይበቃ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቦሌ ኤርፖርት ፓርኪንግ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ስቶክሆልም እያለች ልጇን ሳታስር መኪና የማታስነሳ እናት ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ አሥር ሰው አበባ ይዞ ይጠብቃታል። መኪናው ሁለት ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። አያት የልጅ ልጃቸውን ገና ማየታቸው ነውና እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ ስጪኝ ልቀፈው» ይላሉ። ካር ሲቱ ደግሞ አክስት የምትቀመጥበትን ቦታ ይይዛል። አንዱ «ገርጂ እኮ እዚህ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ይላል። በመጨረሻ እናትየው እንደ ክብር እንግዳ ጋቢና ትገባለች፣ ልጁ ጭኗ ላይ ይሆናል፣ ካር ሲቱ ከሻንጣዎቹ ጋር ከኋላ ይጫናል።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ልጅ መታቀፍ ፍቅር ነው። ነገር ግን ክንዳችን ምን ያህል መያዝ እንደሚችል በትክክል ማወቅ አለብን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ ያልታሰረ ሰው የሚደርስበት ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር እንኳ ከሦስት ሜትር ተኩል እንደ መውደቅ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ እየወደቀ ልጅ በእጁ ይዞ የሚቆይ ሰው የለም። ጋቢና ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ልጁ በእናቱ ሰውነትና በዳሽቦርዱ መካከል ይጨፈለቃል። ኤር ባግ ካለም ወደ ልጁ ጭንቅላት ነው የሚፈነዳው። እናትና ልጅን በአንድ ቀበቶ አብሮ ማሰርም እንደዚሁ ነው፤ የእናቱ ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ያርፋል።

የሕፃን አካል የአዋቂ አካል በትንሹ አይደለም። የጨቅላ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አድርጎ የተቀመጠ ሕፃን ሲጋጭ ምቱ በጀርባው ሙሉ ይከፋፈላል፤ ወደ ፊት ያየ ከሆነ ግን አንገቱ ብቻውን ይሸከመዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪሞላ ወደ ኋላ ይዙር የሚለው ለዚህ ነው። ስዊድኖች እስከ 4 ዓመት ገደማ ያዞሩታል። በትክክል የታሰረ ካር ሲት ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የመሞት አደጋ በ71 በመቶ እንደሚቀንስ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አስልቷል። በእኛ ሙያ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚያድን ነገር ብዙ የለንም።

«እዚህ ማንም አይጠይቀንም» የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ ቦሌ ቀለበት ላይ የሚያስቆማችሁ ትራፊክ ፖሊስ ስለ ካር ሲት ሲጠይቅ አላየሁም። ዱባይ ብትሆኑ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወንበሩ ከተገኘ 400 ድርሃም ትከፍላላችሁ። ቅጣቱ ከሀገር ሀገር ይለያያል፣ የልጁ አንገት ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከአሜሪካ የመጣ ካር ሲት እዚህ ባለ መኪና ላይ እንደወትሮው ላይታሰር ይችላል፤ ብዙ ወላጆች ይህን አያውቁም። አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የተሠሩ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሳፋሪ ቀበቶዎቻቸው የሚቆለፉ ናቸው፤ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስትስቡትና ስትለቁት ወደ ውስጥ ብቻ እየተሰበሰበ ይጠብቃል። ለሌላ ገበያ የተሠሩ መኪኖች፣ አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹም፣ ቀበቶአቸው የሚይዘው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ቀበቶ የታሰረ ወንበር በየመታጠፊያው ይላላል።

መሞከሩ ቀላል ነው። የኋላውን ቀበቶ ሙሉ በሙሉ ሳቡ፣ ትንሽ እንዲመለስ ልቀቁት፣ እንደገና ሳቡት። ያለ ችግር ከወጣ አይቆለፍም ማለት ነው። ያኔ ወንበሩ ራሱ የቀበቶ መቆለፊያ እንዳለው መመሪያውን እዩ። ከሌለው አምራቹን ጠይቃችሁ ቀበቶውን ቆንጥጣ የምትይዘውን ትንሽ ብረት ከመምጣታችሁ በፊት አግኙ፤ አጠቃቀሟንም እዚያው ተለማመዱ። ታስሮ ሲያልቅ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ወንበሩን ይዛችሁ ነቅንቁት። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። በመኪናው መቀመጫና መደገፊያ መካከል ሁለት የብረት ዘንጎች (አይሶፊክስ) ካሉ እድለኞች ናችሁ፤ አሮጌዎቹ መኪኖች ላይ ግን አትጠብቁ።

ሌላው የኛው ጉድ የወንበር ልብስ ነው። መኪናውን ለማሳመር የሚለብሰው ሌዘር የኋላውን ቀበቶ መሰኪያ ከሥሩ ቀብሮት ይገኛል። ሹፌሩ «ቀበቶ የለውም» ይላችኋል፤ አለው፣ ተሸፍኖ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ለምትሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወደ ካናዳ ለመኖር የምትሄዱ ቤተሰቦች እዚህም ሆነ ዱባይ ካር ሲት ገዝታችሁ አትድከሙ። ካናዳ የራሷን የደህንነት ምልክት፣ የሜፕል ቅጠል ያለበትን፣ ትጠይቃለች፤ የአሜሪካው እንኳ አይበቃም። አውሮፓ ውስጥ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ያስፈልጋል፤ የቅርቡ ደንብ አር 129 ይባላል፤ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 15 ወሩ ወደ ኋላ ይዙር ይላል። የአሜሪካው ወንበር ደረት ላይ የሚያያዝ ክሊፕ አለው፣ የአውሮፓው ብዙውን ጊዜ የለውም፤ አንዱ ከሌላው ያነሰ ስለሆነ ሳይሆን የተፈተኑበት ደንብ ስለሚለያይ ነው። እዚህ ለጉብኝት ስትመጡ ግን ይህ ሁሉ ልዩነት አያስጨንቃችሁ፤ ከሁለቱም የትኛውም በደንብ የታሰረ ወንበር ከጭን እጅግ ይሻላል።

ከፍ ላሉ ልጆች ቡስተር አለ። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሆኖም ትከሻና ወገብ የሚይዝ ቀበቶ ይፈልጋል። መቼ ይተው ለሚለው እንግሊዝ 135 ሳንቲ ሜትር ወይም 12 ዓመት ትላለች፣ ጀርመን 150 ሳንቲ ሜትር ወይም 12 ዓመት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች 145 ገደማ። እኔ ከፍተኛውን እመርጣለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ «ትልቅ ነኝ» ማለቱን አትስሙት፤ ያለ ቡስተር ቀበቶው ሆዱና አንገቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ለአያት የምነግራቸው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ከኋላ ከጎኑ ይቀመጡ፣ እጁን ይያዙት፣ ያጫውቱት፤ ቤት ሲደርሱ እስኪጠግቡ ይቀፉት።» ብዙዎቹ ይቀበላሉ፤ እምቢ የሚሉት ብዙ ጊዜ መኪናው የጠበባቸው አጎቶች ናቸው። ሕፃኑን በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አትሰሩት፤ ጨርቁ ሲጨፈለቅ ማሰሪያው ይላላል። መጀመሪያ ይታሰር፣ ጋቢው ከላይ ይደረብ።

እዚህ ያገለገለ ካር ሲት ለመግዛት የምታስቡም አላችሁ። ታሪኩን የማታውቁትን አትግዙ፤ አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት ውስጥ የነበረ ወንበር ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። የተመረተበት ቀንና የማብቂያ ጊዜው ከሥሩ ተጽፏል። ከጨርቅ ብቻ የተሠሩ፣ ምንም ምልክት የሌላቸው ርካሽ ማሰሪያዎችን ግን ወንበር ብላችሁ አትቁጠሯቸው።

ከቦሌ ወጥታችሁ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ለምትገቡ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ሐዋሳ ለምትቀጥሉ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይመለከታችኋል። ድካም አለ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል። ልጁ ቢያለቅስ መኪናውን አቁማችሁ አውጡት፤ እየሄዳችሁ አትፍቱት።

ብዙ አየር መንገዶች ካር ሲትን ከሻንጣ ኮታ ውጪ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ከመብረራችሁ አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ሊቀበላችሁ የሚመጣውን ዘመድ የመኪናውን የኋላ መቀመጫ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ፎቶው ላይ ቀበቶና መሰኪያ ካልታየ የወንበሩን ልብስ ያስወልቅ፤ ከሥሩም ከሌለ ሌላ መኪና ይፈለግ።