አባ ሰንጋን ለመከላከል ምንጩን ማወቅ ያስፈልጋል

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም መንደር ከመሆኑ በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በእንዲህ ያለው የከተማ ጠርዝ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ በአንድ በኩል ለቤት መሠረት የሚቆፈረው የቀድሞ ግጦሽ፣ በሌላ በኩል ለበዓል ከሩቅ አገር የሚነዳው ሰንጋ። ስለሆነም አንድ በሬ በድንገት ወድቆ ቢሞትና አባ ሰንጋ ቢጠረጠር፣ በሽታው ከአፈሩ ተነሣ ወይስ ከገበያ መጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከእንስሳው ደም ጋር ወጥቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይተኛል። ተኝቶ ሳለ ስለማይራባ ዘሩ ብዙ አይለወጥም። ከዚህም የተነሣ በዓለም ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ተመሳሳይ ነው። ሊቃውንት በ3 ዋና ዋና ዘሮች ይከፍሉታል፤ አንደኛው በአብዛኛው ዓለም ተሠራጭቷል፤ ሁለተኛው በይበልጥ በደቡባዊ አፍሪካና በከፊል አውሮፓ ይታወቃል፤ ሦስተኛው ብርቅ ነው። ተመሳሳይነቱ የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ክትባት ለሁሉም ስለሚያገለግል ነው። ጥቃቅኑ ልዩነት ደግሞ የበሽታውን ምንጭ ለመከታተል ይረዳል። ምንጩ አፈሩ ከሆነ ግጦሹ ይከለላል፣ የአካባቢው ከብት በየዓመቱ ይከተባል፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን የተነዳበት መንገድና የተሸጠበት ገበያ ይመረመራል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሹት ሲመረጡ፣ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታ ቀጥሎ 2ኛ ሆኗል። ክትባቱም እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ይሁን እንጂ የምርመራው መጀመሪያ ከብቱ የሞተበት መስክ ነው። በሬው የወደቀበት ገበሬ ሥጋውን በቅርጫ ሸጦ፣ ቆዳውንም ገፎ ከኪሳራው ጥቂት ለማትረፍ ቢሞክር አያስገርምም። ነገር ግን በድኑ በተከፈተ ቁጥር ባክቴሪያው በመሬቱ ይዘራል፤ የበለቱትና የበሉትም ይታመማሉ።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በድንገት የሞተ፣ በተለይም ከአፍንጫው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት እንዳይገፈፍና እንዳይበለት ማስጠንቀቅ ይጠበቅባቸዋል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው አስታውቀው፣ በድኑ ሳይከፈት የደም ናሙና ማስወሰድ፣ በድኑን ማስቃጠል ወይም በጥልቀት ማስቀበር፣ ቦታውንም አጥረው በመዝገብ ማስፈር ይገባቸዋል። ከሁሉም በላይ በሬው ለሞተበት አባል ማኅበሩ መዋጮ ቢያሰባስብለት፣ ችግረኛው ገበሬ የታመመ ሥጋ ለመሸጥ አይገደድም።