ከሐዘኑ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ

ባሏ ወይም ልጇ በውትድርና ላይ ሳለ የሞተባት እናት፣ ድንኳኑ ተነሥቶ እድርተኛው ሲበተን «ሟቹ የሕይወት መድን ነበረው ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይገጥማታል። ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ለምትኖረው ከባድ ከሆነ፣ ከጂንካ፣ ከዲመካ ወይም ከኦሞራቴ ተነሥታ ከቢሮ ወደ ቢሮ ለምትመላለሰው ደግሞ የመንገዱ ድካምና ወጪ ይታከልበታል። ስለዚህ፣ እናቶችና እኅቶች፣ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደምትጠይቁ ማወቁ ይበጃችኋል።

በመጀመሪያ ጡረታንና የሕይወት መድንን እንለይ። ጡረታ ሕግ የሚሰጠው መብት ነው። የሠራዊቱ አባል 10 ዓመት ካገለገለ በኋላ ወይም በሥራው ምክንያት በደረሰበት ጉዳት ቢሞት፣ ሚስቱና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ፣ እንዲሁም በእርሱ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆቹ አበል ያገኛሉ። ይህም የሚጠየቀው ከመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

የሕይወት መድን ግን ውል ነው። ሟቹ ራሱ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው ካልገባው አይኖርም። ስለዚህ ሣጥኑን፣ የልብሱን ኪስና የባንክ ደብተሩን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ የውሉን ወረቀት ወይም የአረቦን ደረሰኝ ፈልጉ። ካጣችሁ፣ ለመድን የሚቆረጥ ገንዘብ እንደነበረ ከደመወዝ መዝገቡ እንዲታይላችሁ የነበረበትን ክፍል ጠይቁ። ከባንክ ወይም ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ከነበረም፣ ዕዳውን መክፈል ከመጀመራችሁ በፊት ብድሩ መድን ተገብቶለት እንደሆነ አጣሩ። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሌላ የግል ኩባንያዎችም ስላሉ፣ አንዱ «የለም» ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ በውሉ ተጠቃሚው ተለይቶ የተጠቀሰበት የመድን ገንዘብ ከውርሱ አይቆጠርም፤ በሞቱ ምክንያት ለቤተሰቡ የሚከፈለው የጡረታ አበልም እንዲሁ ነው። ዘመድ «ውርስ ነውና እንካፈል» ቢል፣ መልሱ ይኸው ነው።

በሽማግሌ ፊት ተጋብታችሁ የጋብቻ ወረቀት ባይኖራችሁም መብታችሁ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሚስትነታችሁን በምስክር ለማስረዳት ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ነገር ግን ጊዜ አታባክኑ፤ የመድን ጥያቄ በንግድ ሕጉ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

ባላችሁ ወይም ልጃችሁ ዛሬ በሕይወት ያለላችሁ ደግሞ፣ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ቡናው ላይ «መድን ገብተሃል? ወረቀቱስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ነገሩ ሟርት ሊመስል ይችላል፤ ለልጆች ማሰብ ግን ሟርት አይደለም።